ራሴ የፈለሰፍኩት ፓተንት እኔኑ ያስከስሰኛል?

የአንድ መሐንዲስ ጥያቄ ደርሶኛል። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ቀድሞ እሠራበት በነበረው ኩባንያ በሬዲዮ ድግግሞሽ ጅረት ሕብረ ሕዋስን የሚያቃጥል የሕክምና መሣሪያ ከፈለሰፉት አንዱ ነበርኩ። መብቱን ፈርሜ ለኩባንያው አስተላልፌያለሁ። አሁን የራሴን ትንሽ ኩባንያ ከፍቼ ለዚያው የሰውነት ክፍል የሚሆን ሌላ መሣሪያ ሠርቻለሁ። ጫፉ የተለየ ነው፣ ድግግሞሹም የተለየ ነው። በሰው ላይ ሙከራ ልንጀምር ስንዘጋጅ ከቀድሞ ኩባንያዬ ጠበቆች ደብዳቤ መጣ። የአሜሪካ ፓተንታችንን ጥሳችኋል ይላል። ያ ፓተንት ከሚገባው በላይ ሰፊ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ፍርድ ቤት ቀርቤ ይህን ብናገር አያዋጣም? ሙከራውንስ ላቁም?»

መጥፎውን ላስቀድም። «ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» ያሉት ነገር ትልቁ ጉልበትዎ ይመስላል። አሜሪካ ፍርድ ቤት ውስጥ ግን ጣጣ የሚያመጣብዎ እሱ ነው። ፓተንት ፈርሞ ያስተላለፈ ሰው ዞሮ «ያ ፓተንት መጀመሪያውንም መሰጠት አልነበረበትም» ብሎ እንዳይከራከር የሚከለክል የቆየ የዳኝነት ደንብ አለ። ዋጋ አለው ብሎ የሸጠ ሰው ገዢውን «የሸጥኩልህ እኮ ባዶ ነው» ሊለው አይችልም። ክልከላው እርስዎ ባቋቋሙት ኩባንያ ላይም ሊያርፍ ይችላል።

የእርስዎን ታሪክ የሚመስል ጉዳይ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መሣሪያው ኖቫሹር ይባላል። የወር አበባ ከመጠን በላይ ለሚፈሳቸው ሴቶች የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን በሬዲዮ ድግግሞሽ ጅረት ያቃጥላል። ጫፉ እርጥበት ያሳልፋል። ሕብረ ሕዋሱ ሲሞቅ የሚወጣው እንፋሎትና ፈሳሽ በዚያ በኩል ተስቦ ይወጣል። ካልወጣ ጅረቱ በፈሳሹ ውስጥ መንገድ ያገኛል፣ ቃጠሎውም ከታሰበው ቦታ ሊያልፍ ይችላል። ይህን በ1990ዎቹ መጨረሻ የፈለሰፉት ቻባ ትሩካይና ባልደረቦቹ ናቸው። ያን ጊዜ ኖቫሴፕት በሚባል ኩባንያ ውስጥ ነበሩ፣ መብቱም ለኩባንያው ተላለፈ። በ2004 ሳይቲክ የተባለ ኩባንያ ኖቫሴፕትን በ325 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2007 ደግሞ ሆሎጂክ ሳይቲክን ገዛ። ፓተንቱም አብሮ ተሸጠ።

ትሩካይ በ2008 ሚነርቫ የሚባል አዲስ ኩባንያ አቋቋመ። መሣሪያው ለዚያው ሕመም የሚያገለግል ነው፤ ጫፉ ግን እርጥበት አያሳልፍም። መሐንዲስ ካዩት ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ሆሎጂክ ታዲያ ምን አደረገ? በ2013 በዚያው በድሮው ማመልከቻ ላይ ተንጠላጥሎ አዲስ የመብት ጥያቄ ለፓተንት ቢሮው አቀረበ። አዲሱ አጻጻፍ ጫፉ እርጥበት ያሳልፍ አያሳልፍ አይልም። ዝም ብሎ ጫፍ ይላል። ቢሮው በ2015 ፓተንቱን ሰጠ፣ ሆሎጂክም በዚያው ዓመት ከሰሰ። ሚነርቫ «የድሮው ማመልከቻ የሚገልጸው እርጥበት የሚያሳልፍ ጫፍ ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ሰፊ መብት ሊወጣው አይችልም» ብሎ ሊከራከር ፈለገ። ፍርድ ቤቱ «እናንተ ይህን ማንሳት አትችሉም» አለ። ጁሪው (ከተራ ዜጎች የተመረጠው ፈራጅ ቡድን) ወደ 4.8 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2021 በ5 ለ4 ድምፅ ወሰነ። ክልከላው ይቀጥላል፣ ግን ገደብ አለው አለ። የሚሠራው ፈልሳፊው ሲያስተላልፍ ከሰጠው ቃል ጋር የሚጋጭ ነገር ሲናገር ብቻ ነው። ዳኛዋ ኤሌና ኬገን ክልከላው የማይሠራባቸውን ሦስት ሁኔታዎች ጠቅሳለች። አንደኛው ሠራተኛ ገና ላልተፈለሰፈ ነገር በቅጥር ውሉ ላይ አስቀድሞ ሲፈርም ነው። ያን ጊዜ ስለየትኛውም ፓተንት ቃል አልሰጠም። ሁለተኛው ሕጉ በኋላ ሲለወጥ ነው። ሦስተኛው ኩባንያው በኋላ መብቱን ፈልሳፊው ካስተላለፈው በእጅጉ አስፍቶ ሲጽፈው ነው። ሚነርቫ ሦስተኛውን ይዞ ተመለሰ። በ2022 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በጥንቱ ማመልከቻ ውስጥም እርጥበትን ሳይጠቅስ የተጻፈ የመብት ጥያቄ ስለነበር መብቱ አልሰፋም ብሎ ፈረደበት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው እዚህ ጋ በደንብ ይሠራል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ ወረቀት ፍለጋ ነው። የፈረሙት ምንድን ነው? መቼ? የቅጥር ውሉ ብቻ ከሆነ፣ ከፈጠራው በፊት የተፈረመ ከሆነና ሌላ ምንም ካልፈረሙ በሩ ክፍት ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው ሲገባ ደግሞ ራሱን የቻለ የማስተላለፊያ ሰነድና «ፈልሳፊው እኔ ነኝ» የሚል ማረጋገጫ ከፈረሙ ጉዳዩ ይጠብቃል። በብዛት ሁለቱም አሉ። ከዚያ ደብዳቤው የጠቀሰውን ፓተንት እርስዎ ከፈረሙት ማመልከቻ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡ። ምን ቃል ተጨመረ፣ ምን ቃል ወጣ? ብዙ ፈልሳፊዎች የራሳቸውን ፓተንት ከተሰጠ በኋላ አንብበውት አያውቁም። እውነቴን ነው።

ቢዘጋብዎም እንኳ ሁለት መውጫ አለ። አንዱ ፓተንት ቢሮው ራሱ ጋ ነው። ማንም ሰው የተሰጠ ፓተንት እንደገና እንዲመረመር መጠየቅ ይችላል፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2018 አሪስታ የተባለው ኩባንያ ከሲስኮ ኩባንያ ጋር በነበረው ክርክር ያ ክልከላ እዚያ እንደማይሠራ ወስኗል። ሚነርቫም በዚህ መንገድ ከሆሎጂክ ፓተንቶች አንዱን አስጥሏል። ግን ክሱ ከደረሰዎ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት አለብዎ፤ ማቅረብ የሚችሉትም ቀደም ያሉ ፓተንቶችንና የታተሙ ጽሑፎችን ብቻ ነው። «አጻጻፉ ከገለጻው ይሰፋል» የሚለው ክርክርዎ እዚያ አይሰማም። ሌላው መውጫ የቆየ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1924 በዌስቲንግሀውስና በፎርሚካ ጉዳይ ላይ አስተላላፊው ፓተንቱ ባዶ ነው ማለት ባይችልም፣ ቀድሞ የታወቀውን ሥራ እያሳየ ጠባብ ነው ማለት እንደሚችል ተናግሯል። እኔ ከሁለቱ ይልቅ ይኼኛውን እወደዋለሁ። ለእርስዎ ቦታ የሚለቀው እሱ ነውና።

አውሮፓ ላይ ተመሳሳይ ፓተንት ካላቸው ነገሩ ይለያል። በአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ከባለቤቱ በቀር ማንም ሰው ፓተንቱ በተሰጠ በ9 ወር ውስጥ ተቃውሞ ማቅረብ ይችላል። የቀን መቁጠሪያዎን ይመልከቱ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የፓተንት ክርክር ስንል ሰው ሁሉ የሚያስበው ፓተንቱን ስለማፍረስ ነው። በእንዲህ ዓይነት መሣሪያዎች ላይ ግን ጉዳዩ የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ «ጥሷል ወይስ አልጣሰም» በሚለው ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ሸክሙ የእነሱ ነው። ሜድትሮኒክ ከሚሮውስኪ ቤተሰብ ኩባንያ ጋር በልብ ምት ማቀናጃ መሣሪያ ፓተንቶች ላይ ተከራክሮ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 በሙሉ ድምፅ ጥሰትን ማስረዳት ሁልጊዜ የፓተንቱ ባለቤት ግዴታ ነው ብሎ ወሰነ። ክሱን ማንም ይጀምረው ማን ለውጥ የለውም። ፓተንቱን አፍርሱልኝ የሚል ተከሳሽ ግን በፍርድ ቤት ከተራ የፍትሐ ብሔር ማስረጃ የጠነከረ ማስረጃ ይጠየቃል።

ጥሰት የሚለካው በፓተንቱ መጨረሻ ላይ በቁጥር በተደረደሩት ዓረፍተ ነገሮች ነው። የእነሱን ምርት ከእርስዎ ምርት ጋር ማወዳደር የትም አያደርስም። ዓረፍተ ነገሩን ከእርስዎ መሣሪያ ጋር ያወዳድሩ። ዓረፍተ ነገሩ ከሚዘረዝራቸው ነገሮች አንዱ እንኳ በመሣሪያዎ ላይ ከሌለ ቃል በቃል አልጣሱም።

ድግግሞሹን ቀይሬያለሁ ያሉት ብዙም አያስደስተኝም። ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ጅረት ነርቭና ጡንቻ ሳያነቃ ሰውነት ውስጥ ማለፍ እንደሚችል ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ዳርሶንቫል በ1890ዎቹ አሳይቷል። ዊልያም ቦቪ በሠራው ጀነሬተር (ጅረቱን በሚያመነጭ መሣሪያ) ሃርቪ ኩሺንግ አንጎል ላይ ቀዶ ሕክምና ያደረገው በ1926 ነው። ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ ድግግሞሽ ማቃጠል የማንም ንብረት አይደለም፣ ለዚህም ነው ጥሩ ጠበቃ የጻፈው ፓተንት ድግግሞሹን በቁጥር የማይገድበው። «የሬዲዮ ድግግሞሽ ኃይል» ካለ እርስዎ 300 ኪሎሄርትዝ ተጠቀሙ 500፣ ለውጥ የለውም። ቁጥር ካለበት ደግሞ ከቁጥሩ ትንሽ ዘለል ብሎ መውጣት ዋስትና አይደለም። ተመሳሳይ ሥራ በተመሳሳይ መንገድ የሚሠራ ነገር በአቻነት ሊያዝ ይችላል። ነገር ግን ባለቤቱ ያን ቁጥር ያስገባው መርማሪው ስላስገደደው ከሆነ፣ የለቀቀውን ቦታ በአቻነት ስም መልሶ መውሰድ ይከብደዋል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2002 የፌስቶ ውሳኔ የሚለው ይህንን ነው። በቢሮውና በባለቤቱ መካከል የተደረገው የደብዳቤ ልውውጥ ሁሉ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አውርደው ያንብቡት። እኔ ፓተንት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።

ጫፉ የተለየ መሆኑ የተሻለ መከላከያ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ስለ ጫፉ ምን ይላል? አርትሮኬር በጨው ውኃ ውስጥ በሚሠሩ የመገጣጠሚያ መሣሪያዎች ስሚዝ ኤንድ ኔፊውን ከሶ በ2003 ዴላዌር በተባለው የአሜሪካ ግዛት ጁሪ ፊት አሸንፎ ነበር። ካከራከሩት ነጥቦች አንዱ የጅረቱ መመለሻ ኤሌክትሮድ ሕብረ ሕዋሱን ይነካል ወይስ አይነካም የሚል ነው። አስቡት፣ ሐኪሙ ጉልበት ውስጥ እያንቀሳቀሰ ያለ ጫፍ መቼ ነክቶ መቼ እንደለቀቀ! (በነገራችን ላይ ስሚዝ ኤንድ ኔፊው በ2014 አርትሮኬርን ራሱን በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ይህም አንድ መፍትሔ ነው፤ ለእርስዎ ባይሆንም።)

የዚህ ዘርፍ ልዩ ችግር እዚህ ላይ ነው። ሜካኒካል መሣሪያ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ማመሳከር ይችላሉ። የኤሌክትሪክ መሣሪያ ላይ ግን ዓረፍተ ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ጅረቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚያደርገው ነገር ነው። ሕብረ ሕዋሱ ይደርቃል፣ የጅረት መቋቋሙ ከፍ ይላል፣ ሶፍትዌሩ ያን ለክቶ ኃይሉን ይቀንሳል። ይህ መሣሪያው በተዘጋበት ሳጥን ላይ አይታይም።

ኔቭሮና ቦስተን ሳይንቲፊክ የተባሉ የሕክምና መሣሪያ ኩባንያዎች ለዓመታት የተፋለሙት በዚህ ዓይነት ነገር ነው። ሕብለ ሰረሰር አጠገብ ኤሌክትሮድ ተቀምጦ የጀርባ ሕመምን የሚያስታግስ መሣሪያ አለ። የድሮዎቹ ሕመሙን የሚሸፍኑት በሚነዝር ስሜት ነው። ኔቭሮ እስከ 10 ሺህ ሄርትዝ በሚደርስ ድግግሞሽ ሳይነዝር ሕመሙን ማስታገስ ቻለና ፓተንቱ ላይ «የመንዘር ስሜት የሌለው» ብሎ ጻፈ። በ2016 ከሰሰ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት አንዱ ሕመምተኛ ይነዝረዋል፣ ሌላው አይነዝረውም፤ ስለዚህ ቃሉ ግልጽ አይደለም ብሎ አንዳንዶቹን ጣለ። ይግባኝ ሰሚው በ2020 ገለበጠው። ከሰው ሰው መለያየቱ ቃሉን ግልጽነት አያሳጣውም፣ ባለሙያው መሣሪያውን አብርቶ ሕመምተኛውን ጠይቆ ያውቃል አለ። ነገሩ ወዲያና ወዲህ ሄዶ በ2021 ዴላዌር ላይ ቦስተን በተራው 20 ሚሊዮን ዶላር አስፈረደ፤ በ2022 ደግሞ ሁሉንም ቋጭተው ቦስተን ለኔቭሮ 85 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ከዚህ የሚወስዱት ነገር፦ «የእነሱ ፓተንት ውጤትን ነው የሚገልጸው፣ ውጤት ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል» በሚለው ክርክር ብቻ አይተማመኑ።

በተቃራኒው ኤርቤ የተባለውን የጀርመን ኩባንያ ይመልከቱ። አርጎን ጋዝ ጅረቱን ተሸክሞ ሕብረ ሕዋሱን ሳይነካ ደም የሚያቆምበት ዘዴ ላይ ፓተንት ነበረው። ካናዲ የተባለውን ተፎካካሪ ከሰሰ። ፓተንቱ ጋዙ «በዝቅተኛ ፍሰት» ይሂድ ይላል። ፍርድ ቤቱ ይህን በደቂቃ ከ1 ሊትር ገደማ በታች ነው ብሎ አነበበው። በዚያ ንባብ ኤርቤ ጥሰቱን ማስረዳት አልቻለም፣ በ2009ም ይግባኝ ላይ ተሸነፈ። አንዲት ቅጽል ያን ሁሉ አስቀረች።

ደብዳቤው የጠቀሰው ዘዴን (መሣሪያውን ሳይሆን የአሠራሩን ደረጃዎች) የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ከሆነ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ዘዴን የሚፈጽመው ሐኪሙ እንጂ እርስዎ አይደሉም። ሐኪሙን ማንም መክሰስ አይፈልግም፤ የሚከሰሰው «ሐኪሙን ገፋፍተሃል» ተብሎ አምራቹ ነው። ለዚያ አምራቹ ስለ ፓተንቱ ማወቁ መረጋገጥ አለበት። ይቅርታ፣ ያ ደብዳቤ ያደረገው ይህንን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያውቃሉ። አውቆ መጣስ ካሳውን እስከ ሦስት እጥፍ ሊያደርሰው ስለሚችል በጽሑፍ የተቀመጠ የጠበቃ አስተያየት አሁኑኑ ያስይዙ። ለባልደረቦችዎም ስለ ደብዳቤው በኢሜይልም ሆነ በቴሌግራም አስተያየት መወርወር ያቁሙ። ያ ሁሉ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ማጥፋትም አይችሉም።

ግን ዘዴ ለተከሳሽ ጥሩ ጎንም አለው። ካርዲያክ ፔስሜከርስ ሴንት ጁድን በ1996 በሚተከል የልብ ዲፊብሪሌተር (የተዛባ የልብ ምትን በጅረት የሚያስተካክል መሣሪያ) ጉዳይ ከሰሰው። ጁሪ በ2001 140 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። ከብዙ መመላለስ በኋላ በ2009 ይግባኝ ሰሚው ካሳው የሚታሰበው ዘዴውን በእርግጥ በፈጸሙ መሣሪያዎች ላይ ብቻ ነው አለ። ዘዴውን መፈጸም እየቻለ ደረት ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ መሣሪያ አይቆጠርም። በዚያው ውሳኔ ክፍሎቹን ከአሜሪካ ወደ ውጭ መላክን የሚከለክለው አንቀጽ ዘዴን እንደማይመለከት ተወስኗል። የእርስዎ ጀነሬተር የእያንዳንዱን አጠቃቀም መረጃ ይመዘግባል? የተመዘገበው ለማን እንደሚጠቅም ከጠበቃዎ ጋር ቁጭ ብለው ያስቡበት። የአጠቃቀም መመሪያውንም መስመር በመስመር ይዩት፤ ሐኪሙን ምን እንዳዘዙት የሚያሳየው እሱ ነው።

አንድ ወጥመድ ልጠቁምዎ። የአሜሪካ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ በሆነው ኤፍዲኤ ጋ ፈቃድ ለማግኘት «መሣሪያዬ ገበያ ላይ ካለው ከእገሌ ጋር በመሠረቱ እኩል ነው» የሚል መንገድ አለ። ያ እገሌ የቀድሞ ኩባንያዎ ምርት ከሆነ፣ እዚያ «እኩል ነው» ብለው ፍርድ ቤት «ፍጹም የተለየ ነው» ሊሉ ነው። ፍርድ ቤቶች የደኅንነት እኩልነትና የፓተንት እኩልነት አንድ እንዳልሆኑ ያውቃሉ። ጁሪ ፊት ግን ወረቀቱ መነበቡ አይቀርም። ከተቻለ ለማወዳደሪያ ሌላ መሣሪያ ይምረጡ፤ ካልተቻለ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰውና የፓተንት ጠበቃዎ ይተዋወቁ።

ስለ ሙከራው። አያቁሙት። የአሜሪካ ሕግ ለተቆጣጣሪው የሚቀርብ መረጃ ለማግኘት የሚደረግን ሥራ ከጥሰት ነፃ ያደርጋል። ደንቡ ሲጻፍ ሰው ሁሉ ያሰበው መድኃኒትን ነበር። በ1990 ግን ኢላይ ሊሊና ሜድትሮኒክ በተከራከሩበት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሕክምና መሣሪያንም ይጨምራል አለ። መሣሪያው የሚተከል የልብ ዲፊብሪሌተር ነበር፣ ልክ እንደ እርስዎ ጅረት ወደ ሰውነት የሚልክ። በ1992 ቴሌክትሮኒክስ ቬንትሪቴክስን በከሰሰበት ጉዳይ ደግሞ ሙከራ የሚያካሂዱ ሐኪሞችን ለመሳብ መሣሪያውን በሕክምና ጉባኤ ላይ ማሳየትም ጥሰት አይደለም ተባለ። ሙከራው ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ የአሜሪካው ፓተንት በመሠረቱ አይደርስበትም፤ የየአገሩን ፓተንት ግን ይመልከቱ። አውሮፓ ውስጥ ተመሳሳይ ነፃነት በዋናነት ለመድኃኒት የተጻፈ ስለሆነ ለመሣሪያ እንደ አሜሪካው አይተማመኑበት።

ነፃነቱ የሚሸፍነው ሙከራውን ብቻ ነው። ለፈቃዱ የማይጠቅም ብዛት አምርቶ መጋዘን ማስቀመጥ አይሸፈንም፤ ለሽያጭ ማቅረብ ደግሞ ገንዘብ ሳይከፈል እንኳ ራሱን የቻለ ጥሰት ነው። ስለዚህ የሽያጭ ሰው ከቀጠሩ እስከ ፈቃዱ ድረስ የዋጋ ዝርዝር ለማንም ሆስፒታል እንዳይልክ ዛሬውኑ ይንገሩት።